የጅማ ሰማይ ሲነጣ መስኮት ለመዝጋት አትቸኩዪ

እህቴ፣ «ሰማዩ ወተት ከመሰለ ሳምንት ሆነው፤ የሦስት ዓመት ልጄ ሌሊቱን ስትስል ታድራለች፤ የበረሃ አቧራ ነው ይሉኛል፤ በርና መስኮት ዘግቼ ልቀመጥ ወይስ አጋሮ እናቴ ጋ ልውሰዳት?» ብለሽ የጠየቅሽውን አንብቤ ማለፍ አልቻልኩም። ከሦስት ዓመት በፊት ይህንኑ ጠይቄ የሚመልስልኝ ሰው አጥቻለሁ። ዋጋውን የከፈለችው ልጄ ናት።

አንደኛ፣ አቧራው የየት እንደሆነ ለዪ። የመንገዱ ባጃጅ ሲያልፍ ይነሳል፣ ወዲያው ይወርዳል፣ ከአስፋልቱ በራቅሽ መጠን ይቀንሳል። የማገዶና የቡና ገለባ ጭስ ደግሞ ጠዋት ሸለቆው ላይ ይተኛል፣ ይሸታል፣ ፀሐይ ስትበረታ ይነሳል። የበረሃው ግን የጭስ ሽታ የለውም፤ ቀኑን ሙሉ በአራቱም ማዕዘን እኩል ይጋርዳል፣ በእኩለ ቀን እንኳ ፀሐይዋ ደብዝዛ ትታያለች። የእኔ መለኪያ የጅረን ኮረብታ ነው። ደጃፌ ላይ ቆሜ ዛፎቹን አንድ በአንድ ከለየሁ ደህና ቀን ነው። ቅርጹ ብቻ ከታየኝ ልጄ ውጭ አትሮጥም። ኮረብታው ጨርሶ ከጠፋ ከቤት አትወጣም። ሁለት በጋ ሙሉ በደብተር መዝግቤዋለሁ፤ ሳሏ የሚብሰው ኮረብታው በጠፋ ማግስት መሆኑን ያወቅሁት ከዚያ ደብተር ነው።

«በረሃ የት፣ ጅማ የት» የሚሉሽን አትስሚ። በበጋ ነፋሱ በአብዛኛው ከሰሜን ምሥራቅ፣ ከዓረቢያ በኩል ነው። ሻካራው አሸዋ በሰዓታት ውስጥ እዚያው ይወርዳል፤ የላመው ግን ለቀናት አየር ላይ ሰፍፎ በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ቻድ ውስጥ ካለው ከቦዴሌ ረባዳ መሬት የሚነሳው አቧራ አትላንቲክን ተሻግሮ አማዞን ደን ላይ ያርፋል። ውቅያኖስ የተሻገረ አቧራ ጅማ መድረስ አያቅተውም። ስለዚህ አጋሮ መውሰዱን ተዪው፤ ይህን ያህል የሰፋ መጋረጃ በአርባና በሃምሳ ኪሎ ሜትር አይታለፍም፤ ልጅቷን በመኪና ማንገላታት ብቻ ነው የሚተርፍሽ።

ሁለተኛ፣ መሥሪያ ቤት ለመሥሪያ ቤት አትንከራተቺ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ መሠረት ሳንባ ድረስ የሚዘልቀው ደቃቅ ብናኝ፣ ፒኤም 2.5 የሚባለው፣ በ24 ሰዓት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ15 ማይክሮግራም መብለጥ የለበትም፤ ትንሽ ሻከር ያለውን ብናኝም የሚጨምረው ፒኤም 10 ደግሞ ከ45። ይህን በወረቀት ጽፌ፣ የከተማችን አየር ስንት እንደሆነ ልጠይቅ ወደ አንድ ቢሮ ሄድኩ። አራት ቀን አመላለሱኝ። በአራተኛው ቀን ሰውየው ከስልኩ ቀና ሳይል «በጋ አይደል እንዴ፣ አቧራ መቼ ቀርቶ ያውቃል» አለኝ። የጠረጴዛው መስታወት በጣት ስም የሚጻፍበት አቧራ ለብሶ ነበር። የልጄን የሕክምና ካርድ ሳሳየው እጁን እንኳ አልዘረጋም። እስካሁን ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል።

ሦስተኛውን ምክር እንደ ምክር መጻፍ ይከብደኛል። ተናድጄ ቤት ስገባ «እንግዲያው ራሴ እከላከላለሁ» ብዬ መስኮቶቹን በላስቲክና በፕላስተር ለጠፍኳቸው፤ በሩ ሥር እርጥብ ጨርቅ ጎሰርኩ። አምስት ቀን እንዲህ ተቀመጥን። የከሰል ምድጃው ግን ውስጥ ነበር። ወጡም፣ በቀን ሦስቴ የሚፈላው ቡናም፣ ዕጣኑም እዚያው። አንቺም እንደ እኔ ከሰሉን ቤት ውስጥ እንደምታቀጣጥዪ አልጠራጠርም፤ አቧራ ሲበዛ ሁላችንም ምድጃውን ወደ ውስጥ እናስገባለን። በአምስተኛው ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ የልጄ ደረት ሲያፏጭ ነቃሁ። በስልኬ መብራት ሳያት በጎድን አጥንቶቿ መካከል ያለው ሥጋ በየትንፋሹ ወደ ውስጥ ይሰረጉድ ነበር። ባለቤቴ ባጃጅ ፍለጋ በባዶ እግሩ ሮጠ።

ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ሰማዩ አልነበረም፤ «ቤት ውስጥ ምን ታነዳላችሁ?» ነው ያለኝ። ከዚያ በፊት አንድ ክሊኒክ ይህን ሳይጠይቀኝ ሁለት ጊዜ አንቲባዮቲክ ሸጦልኛል። አስም እንደሆነ የሰማሁት ያን ሌሊት ነው።

ኋላ ራሴ አንብቤ የገባኝን ልንገርሽ። ከላይ የተንሳፈፈው አቧራ ከፀሐይ ብርሃን ከፊሉን ወደ ሰማይ ይመልሳል፣ ከፊሉን ውጦ ራሱ ይሞቃል። መሬቱ ግን እንደ ወትሮው አይሞቅም። ጭሳችንን ይዞ ወደ ላይ የሚወጣው ደግሞ መሬት ያሞቀው አየር ነው። ላዩ ሞቆ ታቹ ሲቀዘቅዝ አየሩ መውጣቱን ይተዋል፤ አቧራው እንደ ድስት ክዳን ይሆናል፣ የምድጃው፣ የባጃጁና የገለባው ጭስ ከሥሩ ይታፈናል። በዚያ ላይ እኔ ሁለተኛ ክዳን ከደንኩበት። የበረሃውን ነፋስ ማስቆም አልችልም፤ ከሰሉ ግን በእጄ ነበር።

አሁን ምድጃዬ ጓሮ፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር ነው። ቡናም እዚያው ይፈላል፤ እንግዳ ቢቀየም ይቀየም። መስኮት የምዘጋው ቤት ውስጥ ምንም እሳት ከሌለ ብቻ ነው። ወለሉን በደረቅ መጥረጊያ አልነካም፣ በእርጥብ ጨርቅ እወለውላለሁ። ደቃቅ ብናኝ የሚያጣራው ኤን95 የሚባለው ማስክ ለአንቺ ይጠቅምሻል፤ ለሦስት ዓመት ልጅ ግን ፊቷ ላይ አይገጥምም፣ በከንቱ አታስጨንቂያት። ሐኪም የሚሳብ የአስም መድኃኒት ካዘዘላት ሳሉ ቀለለ ብለሽ እንዳታቋርጪ። ባለፈው በጋ ልጄ አንድም ሌሊት ሆስፒታል አላደረችም፤ በግቢያችን አራት እናቶች ምድጃቸውን አውጥተዋል፣ በዚህ እኮራለሁ።

ዛሬ ማታ ልብሷን ገልጠሽ ደረቷን እዪ። በጎድኖቿ መካከል ከሰረጎደ ወይም ከንፈሯ ከጠቆረ ንጋትን አትጠብቂ፣ ተሸክመሻት ወደ ሆስፒታል ሂጂ። ካልሆነ ግን አሁኑኑ ምድጃውን ከቤት አውጪና ነገ እንዴት እንዳደረች ጻፊልኝ፤ እጠብቃለሁ።