የፊኛ አበባ ዘር ለምን አልበቅል አለሽ? ለደሴዋ እህታችን

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ከውጭ አገር የተላከልሽን የፊኛ አበባ ዘር መደብ አዘጋጅተሽ ዘራሽ፣ አፈር አለበስሽው፣ ውሃ አጠጣሽው፤ አንድም ብቅ አላለም። ጎረቤትሽ ደግሞ «የወሎ አየር አይስማማውም» ብላሻለች። እኔም ደሴ ነው የምኖረው፤ አበባው ግቢዬ ውስጥ ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ ያብባል። ስለዚህ በአየሩ አትፍረጂ።

ፓኬቱ ላይ ባሉን ፍላወር ተብሎ የሚጻፈው ይህ አበባ የትውልድ አገሩ ቻይና፣ ኮሪያ፣ ጃፓንና የሩሲያ ምሥራቃዊ ክፍል ነው። እዚያ የብርዱን ወራት ሙሉ በረዶ ስር ተኝቶ የሚያሳልፍ ተክል ነው። የጦሳ ተራራ ብርድ ምንም አያደርገውም። ይልቅ ኮምቦልቻ ያላችሁ ሞቅ ስለሚልባችሁ የከሰዓት ፀሐይ የማይበረታበትን ጥግ ስጡት።

አፈር ማልበስሽ ነው የጎዳሽ ብዬ አስባለሁ። ዘሩን መዳፍሽ ላይ አድርገሽ እዪው። ጥቁር ቡናማ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ከጤፍ ትንሽ ከፍ ይላል። ይህን የምታህል ፍሬ ጥልቀት ውስጥ ስትገባ ጉልበቷ እላይ ሳትደርስ ያልቃል። ደግሞም ለመብቀል ብርሃን ትፈልጋለች። አፈሩ ላይ በትነሽ በጣትሽ ጫን ማድረግ ብቻ ይበቃል። ከፈለግሽ አሸዋ ስስ አድርገሽ ነስንሺበት፣ ከዚያ በላይ ግን አይሆንም።

እኔ የምሠራበትን ልንገርሽ። መጋቢት ላይ ዘሩን እርጥብ ሶፍት ውስጥ ጠቅልዬ፣ በትንሽ ፌስታል አድርጌ፣ ፍሪጅ ውስጥ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት አቆየዋለሁ። ፍሪዘር አይደለም፣ የታችኛው ክፍል ነው። ይህ የግድ አይደለም፤ ሳይቀዘቅዝም የሚበቅል አለ። ግን ብርዱን ያየው ዘር ተቀራርቦ ይወጣል።

ሚያዝያ ላይ እዘራለሁ፤ መደብ ላይ ግን አይደለም። የሃይላንድ ጠርሙስ አንገቱን ቆርጠሽ ቂጡን ብሳው። ጠርሙሱ ረዘም ያለ ይሁን። ይህ አበባ ሥሩ እንደ ካሮት ወደ ታች ነው የሚሄደው፤ ሥሩ ከተነካካ ይቀየማል፤ ለዚህ ነው እያንዳንዱ ለብቻው የሚዘራው። አፈሩን ከብስባሽና ከአሸዋ ጋር ቀላቅይ። ከላይ ውሃ ብታፈሺበት ዘሩ ተጠርጎ ይሄዳል፤ ጠርሙሶቹን ሳፋ ውስጥ አቁመሽ ውሃውን ከታች ይምጠጡ። መስኮት አጠገብ፣ ቤት ውስጥ፣ ሙቀቱ 20 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ከ15 እስከ 30 ቀን ውስጥ ይወጣል። ወር እስኪሞላ ድረስ ተስፋ ቆርጠሽ እንዳትደፊው አደራ!

ችግኙ ቀርፋፋ ነው። ክረምቱን ጠርሙሱ ውስጥ ያሳልፍ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ በረንዳ ስር አስቀምጪው፤ የቆርቆሮ ጠፈጠፍ የሚወርድበት ቦታ ግን አይሁን። የደሴ በረዶ ለጋ ችግኝ አይምርም። ቀንድ አውጣም ይወደዋል፤ ማታ ማታ በባትሪ እያየሽ ልቀሚ።

መስከረም ሲጠባ፣ ዝናቡ ሲያባራ ትተክይዋለሽ። እዚህ ላይ አስምሪበት፦ ብርድ አይገድለውም፣ የሚገድለው የተኛ ውሃ ነው። አፈርሽ ዋልካ ከሆነ መደቡን ከፍ አድርጊው፣ አሸዋና ብስባሽ ጨምሪበት፣ ውሃው ተዳፋቱን ይዞ ይሂድ። በመካከላቸው ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ይኑር። አንዴ ከተከልሽ በኋላ ከቦታ ቦታ አታዛውሪው።

የሚበዛው የሚያብበው በሁለተኛው ዓመት ነው። ብርድ ሲጠና ግንዱ ይደርቃል፤ ሰዉ ሞተ ብሎ የሚነቅለው ያኔ ነው። ሥሩ ግን በሕይወት አለ፤ ዘግይቶ ነው የሚነሳው። ቦታው ላይ እንጨት ትከዪ፣ ልጆች እንዳይቆፍሩት፣ አንቺም ጎመን እንዳትዘሪበት።

ሲያብብ ደግሞ ተጠግተሽ እዪው። እምቡጡ መጀመሪያ አረንጓዴ ነው። እየተነፋ ይሄዳል፣ ሰማያዊ እየጨመረ ይመጣል፣ አምስት ስፌት የሚመስሉ መስመሮች ይታዩበታል። በጣትሽ ቀስ ብለሽ ስትጫኚው አየር እንዳለበት ይሰማሻል። ከዚያ በስፌቶቹ ይቀደድና ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ይሆናል። ነጭና ሮዝም አለው። እኔ ከሁሉም ሰማያዊውን እወዳለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ብርሃን ሲያርፍበት የአበባው ቅጠል ላይ ያሉት ደም ሥር የሚመስሉ ቀጫጭን መስመሮች አንድ በአንድ ይታያሉ። ግንዱ ቀጭን ስለሆነ አበባው ሲበዛ ይጋደማል፤ ሸንበቆ ደግፊለት። የጠወለገውን አበባ ብቻውን ቀንጥቢ እንጂ ግንዱን አትቁረጪ፤ ጎን ላይ ሌላ እምቡጥ አለ። ሲቆረጥ ነጭ ወተት ይወጣዋል፣ አትደንግጪ።

ኮሪያዎች ሥሩን ዶራጂ ብለው አዘጋጅተው ይበሉታል፤ ቻይናዎችም ለባህላዊ መድኃኒት ያውሉታል። እኛ ግቢ ግን ለዓይን ይሁን፤ ልጆች ሥሩን እንዳይቀምሱት ጠብቂ።

ለዘር ጥቂት አበባ ሳትቀነጥቢ ተዪ። ፍሬው ደርቆ ቡናማ ሲሆን ከአናቱ ይከፈታል፤ ሳይበተን ወረቀት ላይ አራግፊው። ዘሩ ቶሎ ሲዘራ ነው የሚሻለው፣ ስለዚህ ከዓመት ዓመት አታቆዪው። ከተላከልሽ ዘር የቀረሽ ካለም መጣል የለብሽም። ለሙከራ ጥቂቱን እርጥብ ሶፍት ላይ አድርገሽ መስኮት ጋ አስቀምጪ። ነጭ ሥር ካወጣልሽ ዘሩ ደህና ነው፤ የተረፈውን መጋቢት ላይ ፍሪጅ አስገቢው።