ሥራ ያስያዛቸው ፕሮግራሙ ነው?

ጥያቄ፦ በአካል ጉዳት ወይም በሕመም ምክንያት ድጎማ የሚያገኙ ሰዎችን ሥራ የሚያስይዝ ፕሮግራም እንድገመግም ተመድቤያለሁ። አስተባባሪዎቹ «ከግማሽ በላዩ ተቀጥሯል» ይላሉ። ገንዘብ ሰጪዎቹ ደግሞ «ከድጎማ የወጣ ስለሌለ ከሽፏል» ባይ ናቸው። ማንን ልመን?

መልስ፦ ለጊዜው ሁለቱንም አይመኑ። በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። መጀመሪያ የምጠይቀው ስለተቀጠሩት አይደለም፤ «ከበር የመለሳችሁት ማንን ነው?» እላለሁ። ለፕሮግራሙ የሚከፈለው በተቀጠረ ሰው ቁጥር ልክ ከሆነ፣ የፕሮግራሙ ሠራተኞች የተማረውን፣ የሥራ ልምድ ያለውንና ሕመሙ ቀለል ያለውን መምረጣቸው አይቀርም። የከበደው ሰው ስሙ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ የሚደውልለት ግን የለም። ይህ በጣም ያናድደኛል። የተመለሱትና ያቋረጡት ሰዎች ዝርዝር ሳይሰጥዎ ሥራውን አይጀምሩ።

ከዚያ ማነጻጸሪያ ይፈልጉ። ያለ ፕሮግራሙም ሥራ የሚያገኝ ሰው አለና። አመልካቹ ከቦታው ከበዛ በዕጣ መለየት ከሁሉም ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2007 ውጤቱ በታተመ ጥናት፣ በስድስት የአውሮፓ ከተሞች ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው 312 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን ቶሎ መደበኛ ሥራ እንዲይዝ ታግዞ፣ ከተቀጠረም በኋላ ድጋፉ ቀጠለለት። ሌላው እንደተለመደው ቅድሚያ ሠለጠነ። በ18 ወር ውስጥ ከመጀመሪያው ቡድን 55 በመቶ፣ ከሁለተኛው 28 በመቶ ሥራ ላይ ተገኙ። ጥሩ ውጤት ነው። ግን ልብ ይበሉ፤ የተቆጠረው ቢያንስ አንድ ቀን የሠራ ሁሉ ነው። እርስዎ ሰዓቱን፣ ደመወዙን፣ ከዓመት በኋላም እዚያው መኖራቸውን ይጠይቁ።

ወደ ገንዘብ ሰጪዎቹ ልምጣ። በአሜሪካ የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን የድጎማ ተጠቃሚዎች በተመሳሳይ መንገድ ሲደግፍ፣ ከተደገፉት 60 በመቶ ገደማ ሥራ ያዙ፤ ካልተደገፉት 40 በመቶ ገደማ። ሆኖም ደመወዙ አነስተኛ ስለነበር ድጋፉ ሰዎችን ከድጎማ አላስወጣም። ይህን ክሽፈት አልለውም። በሳምንት ጥቂት ሰዓት መሥራት ለታመመ ሰው ትልቅ ነገር ነው።

በመጨረሻ ተሳታፊዎቹን አስተባባሪው በሌለበት ያነጋግሩ። ድጎማውን የሙጥኝ የሚሉት ከስንፍና አይደለም። ሥራው አልሆን ቢል እንደገና ማመልከት፣ መመርመርና መጠበቅ አለ። «ደመወዝ ሳገኝ ድጎማዬ ምን ይሆናል?» ሲሉ በቁጥር አስልቶ ያስረዳቸው ሰው ነበር? ካልነበረ፣ ይህንን በሪፖርትዎ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ያስፍሩት።