በጥምቀት ሰሞን የሚገኝ ገቢና ግብሩ

ጎንደር ውስጥ በአንድ ድርጅት ተቀጥረው እየሠሩ፣ በጥምቀት ሰሞን ለሆቴሎች ፎቶ በማንሣት የሚያገኙት ገንዘብ ግብር ይከፈልበት እንደሆነ ጠይቀዋል።

ይከፈልበታል። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ደመወዝዎ በሠንጠረዥ «ሀ» (ከመቀጠር በሚገኝ ገቢ) ስለሚታይ ግብሩን አሠሪዎ ቀንሶ ያስገባል፤ የፎቶው ገቢ ግን፣ አዋጁ ለትርፍ የሚሠራን የሙያ ሥራ በቀጣይነትም ሆነ ለአጭር ጊዜ ቢሠራ «ንግድ» ብሎ ስለሚተረጉመው፣ ከደመወዙ ሳይደመር በሠንጠረዥ «ሐ» (በንግድ ሥራ ገቢ) ለብቻው ይታያል። ስለዚህ «የሁለት ሳምንት ሥራ ብቻ ነው» የሚለው መከራከሪያ፣ ከባልደረቦቼ ደጋግሜ ብሰማውም፣ አያዋጣም። ሆቴሉ ሲከፍልዎ ቅድመ ግብር (ከክፍያው ላይ አስቀድሞ የሚያዝ ግብር) ከቀነሰ ደረሰኙን በጥንቃቄ ያስቀምጡ፤ የግብር ዓመቱ ሰኔ 30 ተዘግቶ ገቢዎን ሲያስታውቁ የሚታሰብልዎ በእርሱ ነው። ግብርዎ ወጪ ተቀንሶ የሚሰላ ከሆነ፣ ለባትሪና ለኅትመት ያወጡትም ያለ ደረሰኝ በወጪነት ለመያዝ ያስቸግራል።