የጎረቤቴ ኪራይ ይሻላል ወይስ የኔ ጡረታ?

ዘንድሮ ከደረሱን ጥያቄዎች ሶስቱ ከወሎ ናቸው፣ ዞሮ ዞሮ ሁሉም ስለ ጡረታና ስለ ቁጠባ ስለሆኑ አንድ ላይ አውጥተናቸዋል።

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ የምኖር መምህር ነኝ፣ በቅርቡ 60 ዓመቴን ደፍኜ ጡረታ እወጣለሁ፣ አገልግሎቴ 34 ዓመት ነው። ደሞዜ 20 ሺህ ብር ነው፣ ተቆራርጦ እጄ የሚገባው 13,600 አካባቢ፣ የመጨረሻው 3 ዓመት አማካይ ሲወሰድ ግን ጭማሪው የቅርብ ስለሆነ 15 ሺህ ነው የሚመጣው ብለውኛል። ባንክ 420 ሺህ ብር አለኝ። ቤቱ የራሳችን ነው፣ ልጆቹ ወጥተዋል፣ እኔና ባለቤቴ ብቻ ነን፣ ወጪያችን በወር 12 ሺህ ገደማ። ችግሬ ምን መሰላችሁ፣ ቡና ላይ በተቀመጥን ቁጥር ጎረቤታችን ሀጂ የኪራያቸውን ነገር ያነሳሉ፣ አምስት ሰርቪስ ክፍል አላቸው፣ አንዱ 3 ሺህ፣ በወር 15 ሺህ ማለት ነው። የባለቤቴ ወንድም ደግሞ አዲስ አበባ ነጋዴ ነው፣ ሚሊዮን ተኩል አስቀምጫለሁ ይላል። እኔ ይሄን ሁሉ ዘመን ጠመኔ ይዤ ቆሜ ከሁሉም ያነስኩት እኔ ነኝ ወይ እያልኩ ነው። ግቢዬ ውስጥ ግድግዳዋ ቆሞ የቀረ ሁለት ክፍል አለች፣ ግንበኛው ለመጨረሻዋ 260 ሺህ ብሎኛል። ላስጨርሳት ወይስ ብሬን ልያዝ?
መ. ከደሴ

መልስ፦ መምህር፣ አብሽሩ፣ አላነሱም። የተምታታው ነገር ምንድነው፣ እርስዎ የሀጂን የወር ገቢ ከራስዎ የባንክ ደብተር ጋር ነው እያስተያዩ ያሉት፣ የወንድምየውን የባንክ ደብተር ደግሞ ከራስዎ የወር ገቢ ጋር። እንደዛ ከሆነ ሁሌም የሚያንሱት እርስዎ ነዎት። ሁሉንም ወደ ወር እናምጣውና እንየው።

የጡረታው ስሌት እንዲህ ነው፣ ለመጀመሪያው 10 ዓመት አገልግሎት የአማካይ ደሞዝዎ 30 በመቶ፣ ከዛ በላይ ላለው ለያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ እየተጨመረ ይሄዳል፣ ጣራው 70 በመቶ ነው። የእርስዎ 34 ዓመት ማለት 30 ሲደመር 24 ጊዜ 1.25፣ ማለትም 60 በመቶ፣ ከ15 ሺህ ላይ 9 ሺህ ብር። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይደነግጣል፣ ከ20 ሺህ ወደ 9 ሺህ ወረድኩ ብሎ። ግን 20 ሺው'ኮ መቼም እጅዎ ገብቶ አያውቅም፣ ግብሩና የ7 በመቶ የጡረታ መዋጮው ይቆረጥበታል፣ ከጡረታ አበል ላይ ግን ሁለቱም አይቆረጡም። ስለዚህ የሚያጡት 11 ሺህ ሳይሆን ከ13,600 ወደ 9 ሺህ ያለው ነው፣ 4,600 ብር። ያማል፣ ግን 11 ሺህ አይደለም።

አሁን ወደ ሚሊዮን ተኩሉ። ባንኮች ለተራ ቁጠባ የሚከፍሉት ዝቅተኛ ወለድ ከ2010 ጀምሮ 7 በመቶ ነው። ሚሊዮን ተኩል በ7 በመቶ በዓመት 105 ሺህ፣ በወር 8,750 ብር። ከእርስዎ ጡረታ ያንሳል! መንግስት በየወሩ የሚከፍልዎትን 9 ሺህ ከባንክ ወለድ ላይ ለማግኘት ቢፈልጉ ሚሊዮን ተኩል አልፎ ማስቀመጥ ነበረብዎ፣ ይሄ ብር ግን ደብተር ላይ ስለማይታይ ቡና ላይ ማንም አያወራለትም። የባለቤትዎ ወንድም ነጋዴ ነው፣ ጡረታ ከሌለው ያ ብር ጡረታውም ቁጠባውም የመታከሚያውም ነው፣ አዲስ አበባ ደግሞ ተከራይቶ የሚኖር ከሆነ የቤት ኪራዩ ብቻ ወለዱን ሊውጠው ይችላል። እርስዎ የራስዎ ቤት ውስጥ ነዎት፣ እሱን ራሱ በወር ስንት እንደሚያወጣ አስበውት ያውቃሉ? እውነት ለመናገር እሱም የሚበልጥበት ነገር አለ፣ ሚሊዮን ተኩሉ ለልጆቹ ይተርፋል፣ የእርስዎ ጡረታ አይወረስም፣ እርስዎ ከሌሉ ባለቤትዎ የሚያገኙት ግማሹን ነው፣ 4,500 ብር።

ሀጂም ቢሆኑ 15 ሺው ሙሉውን ኪሳቸው አይገባም። የኪራይ ገቢ ግብር አለ፣ ጣሪያ ያፈሳል፣ ሽንት ቤት ይሞላል፣ ተከራይ ሁለት ወር ሳይከፍል ይጠፋል፣ በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባማ ስንቱ ክፍል ተዘርፎ ባዶውን እንደከረመ ከኔ በላይ ያውቁታል። ቤታቸው ውስጥ ስንት ሰው እንደሚበላም አልነገሩኝም፣ ሰባት አፍ ላለበት ቤት 15 ሺህና ለሁለት ሰው 9 ሺህ የትኛው ነው የሚበዛው? ሀጂ ግን አንድ ትልቅ ነገር ይበልጡዎታል፣ ዋጋ ሲጨምር ኪራይ ይጨምራሉ። እርስዎ መንግስት እስኪወስን መጠበቅ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው እንጂ ዛሬ ከሰው ማነስና መብለጡ አይደለም። ዛሬ 9 ሺህ ገብቶ 12 ሺህ ይወጣል፣ ጉድለቱ 3 ሺህ፣ በዓመት 36 ሺህ፣ 420 ሺህ ይዘው ከ11 ዓመት በላይ ይቆዩበታል፣ ወለዱም አለ፣ ሲታይ ደህና ነው። ችግሩ ጉድለቱ 3 ሺህ ላይ አይቆምም። ዋጋ በዓመት 12 በመቶ ቢጨምር፣ በ2014 ከ30 በመቶ በላይ ሄዶ እንደነበር አይዘነጋም፣ ዛሬ 12 ሺህ የሚፈጀው ኑሮ ከ6 ዓመት በኋላ ወደ 24 ሺህ ይጠጋል፣ ጡረታው እዛው ከቆመ ጉድለቱ 3 ሺህ መሆኑ ቀርቶ 15 ሺህ ሊደርስ ነው። ብሩም ባንክ ተቀምጦ 7 በመቶ ሲያድግ ገበያው 12 ከሮጠ በየዓመቱ እያነሰ ነው ማለት ነው፣ ቁጥሩ ቢጨምርም። እና ብሩ የሚያስፈልግዎ አሁን ሳይሆን 66 እና 70 ዓመትዎ ላይ ነው፣ እስከዛ ደግሞ በብርነቱ ከቆየ ይሟሟል።

ስለዚህ የኔ ሀሳብ፣ ክፍሏን ያስጨርሱ። 260 ሺህ ባንክ ቢቀመጥ በወር 1,500 ብር ገደማ ነው የሚሰጥዎት። ሁለት ክፍል በሀጂ ዋጋ እንኳን ቢከራይ 6 ሺህ ነው፣ ግብሩን፣ ጥገናውን፣ ባዶ የሚውልበትን ወር ቀንሰው 4 ሺህ ይበሉት፣ ጉድለቱን ይሸፍናል፣ ዋጋ ሲንር አብሮ ይነሳል፣ ደግሞም አንድ ቀን እርስዎ ባይኖሩ ባለቤትዎ በ4,500 ብር ብቻ አይቀሩም። የቤቱ ካርታ በማን ስም እንደሆነ እግረ መንገድዎን ይዩት። ግንበኛው 260 ያለውን ግን እንዳያምኑ! የቆርቆሮና የሲሚንቶ ዋጋ ራስዎ ገበያ ወርደው ይጠይቁ፣ ስራውንም በቁርጥ ያስይዙት እንጂ በቀን ሂሳብ አይግቡ። 320 ሺህ የሚያልፍ ከሆነ አንዷን ክፍል ብቻ ጨርሰው ያከራዩ።

የሚተርፈውን 160 ሺህ አይንኩት፣ እሱ የህመም ነው፣ የድንገት ነው፣ የሰርግና የለቅሶ ነው (ወሎ ላይ ቅሬው፣ እድሩ ማለት ነው፣ እሱ ብቻ አይደለም'ኮ፣ ሰው መጥቶ ሳይበላ አይሄድም፣ ጡረታ የወጣ ሰው ደግሞ ቤቱ ስለሚገኝ እንግዳው ይበዛል፣ 12 ሺህ ወጪ ሲሉኝ ይሄን ማስገባትዎን እጠራጠራለሁ)። ሁለት ባንክ ላይ ይክፈሉት፣ ባንክ ቢከስር ብርዎን የሚመልስልዎት የተቀማጭ መድን የሚሸፍነው ለአንድ ሰው በአንድ ባንክ እስከ 100 ሺህ ብር ነው።

ጥያቄ፦ አሰላሙ አለይኩም። ኮምቦልቻ ትንሽ ሱቅ አለኝ፣ ባሌ ሞቷል፣ 56 ዓመቴ ነው። ሱቋ ከራሴ አልፋ አትተርፍም። ልጄ ጅዳ ናት፣ በየወሩ በብር ሲመነዘር 10 ሺህ ያህል ትልክልኛለች፣ ግማሹን ተጠቀሚ ግማሹን አስቀምጪልኝ ብላኛለች፣ እኔ ግን አንድ ደብተር ላይ ነው የማስገባው፣ ሲቸግረኝ እወስዳለሁ፣ አሁን 230 ሺህ ደርሷል። ጎረቤት አንቺማ ከጡረተኛ ትበልጫለሽ ይለኛል። ወለድ አልበላም፣ ምን ይሻለኛል?
የጅዳዋ እናት፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ወአለይኩም ሰላም እትዬ። ጎረቤት የሚቆጥርልዎት 10 ሺህ ነው፣ የእርስዎ ግን 5 ሺህ ነው፣ ሌላው አደራ ነው። 230 ሺው ውስጥም የልጅቷ ድርሻ ስንት እንደሆነ ዛሬ ቁጭ ብላችሁ በስልክ ካልተማመናችሁ ነገ እሷ ኢንሻአላህ ተመልሳ ቤት ልስራ ስትል ጣጣ ነው፣ ከናቷ ጋር ሂሳብ ተያያዘች ትባላለች፣ እርስዎም በላችው ይባላሉ። ሁለት ደብተር ያውጡ፣ የሷን በሷ ስም ወይ በጋራ።

ከጡረተኛ ይበልጣሉ የሚለውም እንዳያዘናጋዎ። ጡረተኛው እስከ ዕለተ ሞቱ ይከፈለዋል፣ የእርስዎ ግን ልጅቷ ጤናዋ እስካለ፣ አሰሪዋ እስካልከፋ፣ ትዳር እስካልያዘች ነው። አንድ ነገር ልጨምር፣ የውጭ ምንዛሪው ሐምሌ 2016 በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ ከሷ የሚመጣው ያው ሪያል በብር ሲቆጠር በዝቷል፣ ዘይቱም ዱቄቱም አብሮ ስለወጣ ግን የተጨመረልዎ ነገር የለም፣ ብዙ እናቶች ግን ብሩ በዛ ብለው ወጪያቸውን አብዝተዋል።

ከወለድ ነፃ አገልግሎት ኮምቦልቻ ላይ የሚያጡት አይመስለኝም። ወዲዓ የሚባለው አደራ ነው፣ ብሩ እንዳስቀመጡት ይቆያል፣ ምንም አይጨምርም። ሙዳረባ የሚባለው ደግሞ ባንኩ በብርዎ ሰርቶ ትርፉን በተስማማችሁት ድርሻ ያካፍላል፣ ትርፉ ግን ከወር ወር አንድ አይደለም። የልጅቷን ሙዳረባ ላይ፣ የእርስዎን የችግር ቀን ብር ወዲዓ ላይ ብታደርጉት ጥሩ ነው። ሌላው፣ የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ካልገቡ ቀበሌ ጠይቀው የምዝገባው ወቅት ሳያልፍ ይግቡ፣ የዓመቱ መዋጮ ከአንድ ጊዜ መታከሚያ ያንሳል። የሱቋንም ነገር አይተዋት፣ ከራሴ አታልፍም ያሉኝ ሱቅ ያለማንም ልጅ የምታኖርዎት እሷ ናት፣ ከ5 ሺው በየወሩ ትንሽ ትንሽ ቶሎ የሚሸጥ እቃ ላይ ይጨምሩባት፣ ዱቤውን ግን ቀነስ!

ጥያቄ፦ ወልድያ የመንግስት ሰራተኛ ነኝ፣ 33 ዓመቴ፣ 9 ዓመት ከ4 ወር አገልግያለሁ። ለቅቄ ጓደኛዬ ጋር ንግድ ልገባ ነው፣ የጡረታ መዋጮዬን አውጥቼ መነሻ ባደርገው ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ ወንድሜ 8 ወር ታገስ። የወር ጡረታ መብት የሚመጣው 10 ዓመት ሲሞላ ነው፣ 10 ሞልቶህ በፈቃድህ ብትለቅ እንኳን 60 ዓመትህ ላይ አበሉ ይጠብቅሃል፣ ከዛ በታች ግን ጡረታ የሚባል ነገር የለም፣ የሚሰጥህ አንድ ጊዜ ነው፣ እሱም ንግድ የሚያስጀምር ብር አይደለም። ካንተ የሚቆረጠው 7 ብቻ ቢሆንም መስሪያ ቤቱ 11 በመቶ ይጨምርልሃል፣ የምትጥለው የራስህን ብቻ አይደለም ማለት ነው። ንግዱ ካላስጠበቀህና መልቀቅህ ካልቀረ ደግሞ ድርጅቱን በህግ አቋቁማችሁ በደሞዝ ተቀጠርበትና የግል ድርጅት ሰራተኞች ጡረታ ውስጥ ግባ፣ የመንግስቱም የግሉም አገልግሎት ይደመራል። የአገልግሎት ማስረጃህን ሳትቀበልና ፎቶ ኮፒውን ሳትይዝ ግን ከቢሮው እንዳትወጣ፣ ከ27 ዓመት በኋላ እሱን ወረቀት የሚፈልግልህ ሰው አታገኝም።