ጎኑን ጎርፍ የወሰደው ድልድይ ለምን አልወደቀም?

ጥያቄ፦ ስኮትላንድ የምትኖረው እህቴ ካርብሪጅ በምትባል መንደር በወንዝ ዳር ስትንሸራሸር ያነሳችውን የድልድይ ፎቶግራፍ ላከችልኝ። ከዳር ዳር የተዘረጋ አንድ ቀጭን የድንጋይ ቅስት ብቻ ነው፤ መከታም ሆነ የጎን ግንብ የለውም፣ ጀርባውም ጎባጣ ነው። የቦርከናን የክረምት ሙላት እያየሁ ላደግሁት ለእኔ፣ ይህ ነገር እንዴት እንደቆመ አይገባኝም። ደግሞስ እህቴ ብትወጣበት አያሰጋትም?
ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ድልድዩ ጎርፍ ያልነካው መስሎዎት ከሆነ ተሳስተዋል። የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1717 ዱልናን በተባለው ወንዝ ላይ ነው፤ ያሠሩት ብርጋዴር ጄኔራል አሌክሳንደር ግራንት ሲሆኑ ወጪው 100 ፓውንድ ነበር። ከዚያ በፊት ወንዙ በሞላ ቁጥር አስከሬን አሻግሮ ደቲል ወደሚገኘው ቤተ ክርስቲያን መውሰድ ስለማይቻል ነበር የተሠራው፤ ለዚህም የአካባቢው ሰው እስከ ዛሬ የሬሳ ሣጥን ድልድይ ይለዋል። (ሙላት ቀብር ያስተጓጎለበት የወሎ ገጠር ሰው ይህን ስም ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል።) እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1829፣ በእኛ አቆጣጠር በ1821 ዓ.ም. ክረምት፣ የመጣው ታላቅ ጎርፍ መከታውንና የጎን ግንቡን ጠራርጎ ሲወስድ የቀረው እርስዎ ያዩት ቅስት ነው።

ቅስቱ የተረፈው የድልድዩ ሸክም ሁሉ ያረፈው በእርሱ ላይ ስለነበረ ነው። አምስት ደረቅ የልብስ ሳሙናዎችን ጎን ለጎን ደርድረው በሁለት መዳፍዎ ግራና ቀኝ አጥብቀው እየገፉ ያንሷቸው፤ ከሥር ምንም ሳይደግፋቸው አየር ላይ ይቆያሉ፣ መዳፍዎን ላላ ሲያደርጉ ግን ይወድቃሉ። በቅስት ውስጥም እያንዳንዱ ድንጋይ እንደ ሽብልቅ ሆኖ ወደ ታች ልውረድ ሲል ጎረቤቱን ይገፋል፣ ያም ሌላውን እየገፋ ሸክሙ ዳርና ዳር ካለው መሠረት ይደርሳል፤ ድንጋይ ደግሞ ሲሳብ ደካማ፣ ሲጨመቅ ግን እጅግ ጽኑ ነው። የሚያስቸግረው ግንባታው ነው፤ የመጨረሻው የመካከል ድንጋይ እስኪገባ ድረስ ቅስቱ ራሱን ስለማይችል ግንበኛው ከሥሩ የእንጨት መደገፊያ አቁሞ ይሠራል፣ ሲዘጋ እንጨቱን ያነሳዋል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በጢስ ዓባይ አጠገብ የተሠራው የአላታ ድልድይም የቆመው በዚሁ ብልሃት ነው።

ይህ ማለት ግን ቅስቱ ማንኛውንም ነገር ይችላል ማለት አይደለም። መሠረቱ ከተሸረሸረ፣ ማለትም መዳፉ ከላላ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይናዳል።

እህትዎ አትውጣበት። ጀርባው ጠባብና ጎባጣ ነው፣ ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል፣ የሚይዙትም ነገር የለም። ከመንገዱ ዳር መመልከቻ ስፍራ ስላለ ከዚያ ሆና፣ በተቻለ መጠን ዝቅ ብላ ከጎን ታንሳልዎት፤ ያን ጊዜ ድንጋዮቹ እንደ ሳሙናዎቹ ተጣብቀው አንድ በአንድ ሲቆጠሩ ያያሉ።