ጨው አይጨምሩበት

ከቆቦ ሜዳ አንድ ገበሬ ጽፈውልኛል። የመስኖ ጉድጓዳቸው በሰከንድ 12 ሊትር ይሰጥ ነበር። ትልቅ ፓምፕ ሲገጠምለት ሁለት ቀን ደፈረሰ፤ ከዚያ ጠራ፣ ግን ወደ 8 ሊትር ወረደ። ጎረቤት «ጨው ጨምርበት፣ ጭቃውን ያረግፈዋል» ብሏቸዋል።

ጋሼ፣ ጨዉን ለወጥ ያቆዩት።

ሜዳው ከተራራው ታጥቦ የወረደ ደለል ነው። በአሸዋና በጠጠሩ መሀል ከዋልካ ጋር የሚዛመድ ጭቃ አለ። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ እንደሚያብጥ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ከመሬት በታችም ጠባዩ ያው ነው። የጨው ሶዲየም ጭቃው ላይ ይጣበቃል። ውሃው ጨዋማ እስከሆነ ድረስ ችግሩ አይታይም። ጨው የሌለው ውሃ ሲመለስ ግን ጭቃው ያብጣል፣ ይበታተናል፣ ውሃ የሚያልፍባትን ቀዳዳ ይደፍናል። የነዳጅ ጉድጓድ ቆፋሪዎችም በዚሁ ምክንያት ወደ ድንጋዩ የሚያስገቡትን ውሃ ይመርጣሉ።

የእርስዎ ጉድጓድ የታመመው ግን በፍጥነት ይመስለኛል። ጠላ ከጋን በችኮላ ሲቀዳ አተላው ይነሳል አይደል? ትልቁ ፓምፕም ደቃቁን ጭቃ አንስቶ ወደ ቧንቧው ወንፊት ነድቶታል። የወጣው ወጣ፤ የቀረው ጠባብ ቦታ ላይ ተቆልፏል።

መጀመሪያ ግን ይለኩ። ፓምፑ ሌሊቱን ይረፍ፤ ጠዋት የውሃውን ጥልቀት በሜትር ይያዙ። ለሁለት ሰዓት ያህል ስበው እንደገና ይለኩ። ድሮ 12 ሊትር ሲሳብ 6 ሜትር ይወርድ ከነበረ፣ አሁን በ8 ሊትር 10 ሜትር ከወረደ፣ የተደፈነው ጉድጓዱ ነው። በ8 ሊትር 4 ሜትር ብቻ ከወረደ ግን ጉድጓዱ ደህና ነው፤ ፓምፑን ወይም ቧንቧውን ይፈትሹ። የጠዋቱ ውሃ ራሱ ርቆ ከሆነ ደግሞ የከርሰ ምድር ውሃው ቀንሷል ማለት ነው። እሱን ማጽዳት አይመልሰውም።

ከተደፈነ ባለሙያ ይጥሩ፤ ውሃውን ወደ ውጭም ወደ ውስጥም እያመላለሰ ይምታው። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከሳቡት የተቆለፈው ይበልጥ ይጠብቃል። በኮምፕረሰር ካጸዳ አየሩን ወደ አሸዋው እንዳይነፋ ይንገሩት፤ የአየር አረፋም መንገድ ይዘጋል። ማጠቢያው የራሱ የጉድጓዱ ውሃ ይሁን።

ከዚያ ቫልቩን ቀስ ብለው ይክፈቱ። 4 ሊትር፣ ሲጠራ 6፣ ሲጠራ 8። 10 ላይ መደፍረስ ከጀመረ ወደ 8 ይመለሱ፤ ልኩ እዚያ ነው። ትልቁን ፓምፕ ቢሸጡት ይሻላል። ብሩ ይቆጫል፣ አውቃለሁ።