ባልቻን አውቀዋለሁ፣ ገበየሁ ማን ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች። ለየካቲት 23 ከአባቴ ጋር ምኒልክ አደባባይ ወጥተን ነበር። ሰዉ ሲያቅራራ «ገበየሁ ቢሞት ተተካ ባልቻ፣ መድፍ አገላባጭ ብቻ ለብቻ» ሲል ሰማሁ። ባልቻን በሆስፒታሉ አውቀዋለሁ። ገበየሁ ግን ማን ነው? አባቴን ብጠይቀው «ጀግና ነዋ!» ብሎኝ አለፈ። (ሀ. ት. ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ አባትሽ ልክ ናቸው፣ ግን በጣም አሳጠሩት።

ፊታውራሪ ገበየሁ (ግጥሙ አንቱ ስላላለው እኔም አልለውም) ስሙ የገነነው ከአድዋ በፊት አምባላጌ ላይ ነው። ኅዳር 28 ቀን 1888። የፊቱን ጦር የያዙት ራስ መኮንን ከጣሊያኑ አዛዥ ከማዦር ቶዜሊ ጋር ገና መልእክት ይላላኩ ነበር፣ ምናልባት ነገሩ ያለ ደም ያልቃል ብለው። ገበየሁ አልታገሠም። ትእዛዝ ሳይጠብቅ ወደ ተራራው ወጣ፣ ሌላውም ተከተለው፣ ምሽጉ ተሰበረ፣ ቶዜሊም እዚያው ወደቀ። ድል ነው እንግዲህ። የገበየሁ ሽልማት ግን እስር ሆነ፦ ማን ፈቅዶልህ ነው ጦርነት የጀመርከው ተባለ።

እኔን ብትጠይቂኝ በራስ መኮንን አልፈርድም። የጦር አለቃው ሁሉ ደሙ በፈላ ቁጥር ከተነሣ ያ ሁሉ ሠራዊት በምን ይያዛል? የሚገርመኝ ሌላ ነው። ሰውዬው አሸንፎ ታስሮ አኩርፎ አልቀረም። ተፈታ፣ ከአምባላጌው ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ እሑድ የካቲት 23 አድዋ ላይ ደግሞ ፊት ተገኘ፣ እዚያው ቀረ።

ሲነገር እንደኖረው፣ ከጀርባዬ ተመትቼ ከወደቅሁ እዚያው ተዉኝ፣ ከፊቴ ከሆነ ግን አገሬ ውሰዱኝ ብሎ ተናዞ ነበር። አጽሙ ያለው ደብረ ብርሃን አጠገብ፣ አንጎለላ ኪዳነ ምሕረት ነው። በየት በኩል እንደተመታ ከዚህ ገምቺ።

ወደ ግጥሙ ልመለስ። ባልቻ ያኔ በጅሮንድ ነው፣ መድፈኛውን የሚያዝ። አዝማሪውና ሕዝቡ ጀግናን በጀግና ተኩና ባልቻን አነሡ። አፄ ምኒልክ ግን የፊታውራሪነቱን ቦታ የሰጡት ለሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ነው። አዎ፣ ወደ መርካቶ በኩል ያለው የሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በእሳቸው ስም ነው። አንቺ ደግሞ ከአራት ኪሎ ፒያሳ ስትመጪ የምትሻገሪው የራስ መኮንንን ድልድይ ነው። ገበየሁን ያሰሩት ድልድይ አላቸው፣ በሹመት የተኩት ድልድይ አላቸው፣ በግጥም የተካው ሆስፒታል አለው።

ገበየሁን ግን ታክሲ አያደርስሽም። መንገዱ ሰላም ሲሆን በጠዋት ከላምበረት የደብረ ብርሃን መኪና ያዢ። አባትሽንም ይዘሻቸው ሂጂ፣ መንገድ ላይ የቀረውን ያወሩልሽ ይሆናል።